የኔታና መካኒኩ፦ ስለ አሮጌው ላንድክሩዘር ውሃና ዘይት የተደረገ ምልልስ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቋሪትና ወደ ሰከላ ደጋ የሚወጣ፣ ወይም ከቡሬ ተነሥቶ በሽንዲ በኩል ወደ ወምበርማ የሚዘልቅ፣ አለዚያም የነቀምቴን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ፣ ምን ዓይነት መኪና መያዝ እንደሚገባው በክረምት ዋልካው በበጋም ዳገቱና አቧራው ራሳቸው ስለሚያስተምሩት፣ በዚያ አገር ሠላሳ ዓመት የሞላው ላንድክሩዘር ትናንት ከመርከብ ከወረደ የከተማ መኪና ይልቅ የሚከበርበት ምክንያት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ብርታቱ የቆመው በውስጡ በሚዘዋወሩት ፈሳሾች ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ጎማውንና ቀለሙን እያሳመረ የራዲያተሩን ውሃና የካምቢዮውን ዘይት ግን ከሱቅ እንደ ተገኘ ሲሞላ ቢኖር፣ ብረቱ ምን ቢጠነክር አንድ ቀን ዳገት ላይ ይከዳዋል።

ቀጥሎ የሚነበበው ምልልስ የአንድ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ሒሳብ በያዙ የቅኔ መምህርና፣ ፊደልና ዳዊት ከእርሳቸው ዘንድ ተምሮ ኋላ ወደ ጋራዥ በገባ መካኒክ መካከል በፍኖተ ሰላም የተደረገ ነው። መኪናው ኤች ዜድ ጄ 75 የሚባለው ላንድክሩዘር ሲሆን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ 4.2 ሊትር የሆነውን የናፍጣ ሞተሩን ቶዮታ መሥራት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ነው።

የኔታ፦ ደኅና ነህ ልጄ? ጉባኤው «ለመኪናው ውሃና ዘይት ይግዙ» ብሎ ገንዘብ ቢሰጠኝ ወደ ገበያ ወጣሁ፤ ባለ ሱቁ ግን አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ ኩላንት ደርድሮ «የቱን ላንሣ?» አለኝ፣ የካምቢዮውንም ዘይት ስጠይቀው ቁጥሩ ልዩ ልዩ የሆነ ጣሳ አወጣልኝ። ሒሳቡን የማወራርደው እኔ ስለ ሆንሁ፣ ያላወቅሁትን ገዝቼ በጉባኤ ፊት ከማፍር ብዬ መጣሁብህ።

መካኒኩ፦ እንኳን ደኅና መጡ የኔታ፤ እዚህ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ። ሳይገዙ መምጣትዎ እጅግ ደግ ነው፤ ወደኔ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ገዝቶ፣ ሞልቶ፣ ቴስታው ከተጣመመ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የኩላንት ዋጋ አይነሣም።

የኔታ፦ አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ነገር በፈረንጅ አፍ አንቲፍሪዝ ነው የሚባለው፤ በረዶ እንዳይሠራ ማለት ነው ብለውኛል። በእኛ አገር በጮቄ ራስ ላይ ውርጭ ይወርድ እንደ ሆነ እንጂ፣ በፍኖተ ሰላም ውሃ ሲረጋ ያየ ማን አለ? ሹፌራችንም «የላህ ወንዝ ውሃ በቂ ነው፤ ድሮም ያንኑ ነበር የምንሞላ» ይላል። ታዲያ ለማይመጣ ጠላት ከቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ዘብ መቅጠር ይገባል?

መካኒኩ፦ ሹፌሩ ስለ ድሮው ውሸት አልተናገረም፤ ነገር ግን ያ የድሮ መኪና ራዲያተሩ በየዓመቱ ይበየድ እንደ ነበር አልነገረዎትም። ውሃ ብቻውን ከጊዛ ብረት፣ ከመዳብ፣ ከናስና ከብየዳው እርሳስ ጋር በአንድ ቦታ ተዘግቶ ሌሊትና ቀን ሲሞቅና ሲበርድ ሲኖር ብረቱን ያዝጋል፤ ዝገቱም ተፈርፍሮ ወደ ራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ይሄድና እዚያ ይረጋል፤ ቱቦዎቹ ከተደፈኑ ደግሞ ውሃው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ይቃጠላል። የኩላንቱ ዋና ሥራ በእኛ አገር ይህን ዝገት መከልከል ነው። በውስጡ ያለው መድኃኒት እያለቀ ስለሚሄድ፣ የቶዮታ የቀድሞው ቀይ ኩላንት በየሁለት ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲለወጥ የታዘዘው ስለዚሁ ነው፤ መልኩ ገና ቀይ ሆኖ እያለ እንኳ ኃይሉ ሊያልቅ ይችላል። ከዚህም ሌላ የመፍላት ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ በተለይ የእኛን ደጋ ይመለከታል።

የኔታ፦ የመፍላቱን ነገር አብራራልኝ፤ እሳት ባለበት ሁሉ ውሃ በአንድ ልክ የሚፈላ ይመስለኝ ነበር።

መካኒኩ፦ አይደለም የኔታ። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው በባሕር ዳርቻ፣ በምጽዋና በጅቡቲ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ክብደትም እያነሰ ስለሚሄድ ቶሎ ይፈላል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቡሬ ትንሽ ከፍ ስለምትል በ93፤ ሰከላ ግሽ ዓባይ ዘንድ ቢወጡ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ነውና 91 አካባቢ ላይ ይንፈቀፈቃል። የሞተሩ ቴርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ከ80 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው። እንግዲህ በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል በእኛ አገር የቀረው አሥር ዲግሪ ቢሆን ነው፤ በርበሬ የጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ ይህችን በቅጽበት ይጨርሳታል።

የኔታ፦ ይህ ከሆነማ መኪና ሁሉ ሰከላ ሳይደርስ ፈልቶ በቀረ ነበር።

መካኒኩ፦ ያዳነውን ላሳይዎት። ሞተሩ በርዷልና ልክፈተው፤ ትኩስ ሲሆን ግን ይህን የከፈተ ሰው ፊቱንና ዓይኑን ያጣልና፣ ሹፌሩን አደራ ይበሉልኝ። ይኸው የራዲያተሩ ክዳን። በላዩ 0.9 የሚል ቁጥር ይነበባል፤ በውስጡ ያለው ስፕሪንግ በካሬ ሳንቲ ሜትር 0.9 ኪሎ የሚያህል ግፊት እስኪደርስ ድረስ ተጭኖ ስለሚይዘው፣ እዚህ በ94 የሚፈላው ውሃ እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል ማለት ነው። አሁን ይህን ላስቲክ በጥፍርዎ ይንኩት።

የኔታ፦ ደርቋል። ጠርዙም ተሰነጣጥቋል።

መካኒኩ፦ እንግዲህ ግፊት አይዝም፤ ሹፌሩ «ውሃ ይጨርሳል» እያለ በየመንገዱ ጀሪካን የሚሸከመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከኩላንቱ በፊት መጀመሪያ የሚገዛው ይህ ነው፤ ቁጥሩም በትክክል 0.9 ይሁን። ከፍ ያለውን ያመጡ እንደ ሆነ አሮጌውን ላስቲክ ቱቦና የራዲያተሩን ብየዳ ይፈነቅላል።

የኔታ፦ መልካም፤ ክዳኑን ጻፍሁ። ኩላንቱስ? ቀዩ ከአረንጓዴው ይበልጣልን?

መካኒኩ፦ ቀለሙ የተነከረ ቀለም ብቻ ነው የኔታ። ፋብሪካው እንዳሻው ይነክረዋል፤ ቀይ የሆነ ሁሉ አንድ፣ አረንጓዴ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። መሠረቱ ኤትሊን ግላይኮል ነው፤ ልዩነቱ ዝገት እንዲከላከል በተጨመረበት መድኃኒት ላይ ነው። ጃፓኖች የውሃ ፓምፑን ማኅተም ይበላል ብለው ሲሊኬት የሚባለውን ይሸሻሉ፤ በእርሱ ፈንታ ፎስፌት ያገቡበታል። አውሮፓውያን ደግሞ ውሃቸው ኖራ ስላለበት፣ ፎስፌት ከኖራ ጋር ተገናኝቶ ድንጋይ ይሠራል ብለው ሲሊኬቱን ይመርጣሉ። ሦስተኛ ወገን አለ፤ «ረጅም ዕድሜ» ተብሎ የሚሸጠው፣ ብዙ ጊዜ ብርቱካንማ የሆነው፤ እርሱ ለአዲሶቹ የአሉሚንየም ራዲያተሮች የተሰናዳ ነውና እንደዚህ ላለ በእርሳስ ለተበየደ የመዳብና የናስ ራዲያተር እኔ አልመርጠውም። ለዚህ መኪና ሲሊኬት የሌለበት፣ በጀርባው ለጃፓን መኪና የተባለ፣ ለመዳብና ለናስ ይስማማል የሚል ይምረጡ፤ የቶዮታን ራሱን ከፈለጉ ወኪሉ ሞኤንኮ ነው።

የኔታ፦ እንግዲህ ጃፓኖቹ ፎስፌት ካገቡበት፣ የእኛ የምንጭ ውሃ ደግሞ ኖራ ካለበት፣ ያው አውሮፓውያን የሸሹት ድንጋይ በእኛ ራዲያተር ውስጥ ይሠራል ማለት ነዋ!

መካኒኩ፦ በትክክል አገኙት! ስለዚህም የምንበርዝበት ውሃ ከኩላንቱ እኩል ይታሰብበት። የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ይቅር። የተጣራ ውሃ በባትሪ ውሃ ስም ይሸጣል፤ ነገር ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ስለሚቀመጥ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ አሲድ ራዲያተር ውስጥ ገብቶ ያየሁት አለና። ያም ከጠፋ የክረምት ዝናብ ውሃ ኖራ የለበትም፤ ከቆርቆሮ ጣራ የሚቀዳው ግን የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ካጠበው በኋላ ይሁን፣ በንጹሕ ሻሽም ይጠለል።

የኔታ፦ ልኩስ? ብዙ ኩላንት ባፈስበት የበለጠ አይጠብቀውም?

መካኒኩ፦ ግማሽ ለግማሽ። ግላይኮል ሙቀትን የመሸከም ኃይሉ ከውሃ ያነሰ ነው፤ ሳይበረዝ የሞላ ሰው ሞተሩን ከዝገት አድኖ በሙቀት ይገድለዋል። ግማሽ ለግማሽ ሲሆን የመፍያው ልክ ሰባት ወይም ስምንት ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ከክዳኑ ጋር ሆኖ ለዓባይ በረሃ ዳገት ይበቃል። «ተበርዞ የተዘጋጀ» የሚልም ስላለ፣ እርሱን በድጋሚ እንዳይበርዙት ይጠንቀቁ።

የኔታ፦ አሁን በውስጡ ያለው አረንጓዴ ነው። ማን መቼ እንደ ሞላው ግን የጻፈ የለም። ቀዩን በላዩ ብንጨምርበትስ?

መካኒኩ፦ አይሆንም። ሁለቱ መድኃኒቶች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያፈርሳል፤ አንዳንዴም ተዋግተው ዝቃጭ ይሠሩና ቱቦውን ይደፍኑታል።

የኔታ፦ ስለ ቱሳሔ፣ ስለ መደባለቅ ጥፋት የምታስተምረኝ አንተ ሆንህ እንግዲህ! በጉባኤ ቤት «ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ሚጠት» ስንል የሚያንቀላፋ ደቀ መዝሙር ነበርህ።

መካኒኩ፦ አንቀላፋሁ እንጂ አልረሳሁም የኔታ። ስለዚህ ታሪኩ ያልታወቀ ኩላንት ሁሉ ከራዲያተሩም ከሞተሩም ብሎክ ይፈስሳል፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ በውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ አዲሱ ቀስ ተብሎ ይሞላል። ሲሞላም ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ እየሠራ የላይኛውን ላስቲክ ቱቦ በእጅ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይገባል፤ በውስጡ የቀረ አየር ቴስታውን ለብቻው ያቃጥለዋልና። ይህን እኔ እሠራዋለሁ።

የኔታ፦ ወደ ካምቢዮው እንለፍ። ባለ ሱቁ አንደኛው ጂኤል 4፣ ሁለተኛው ጂኤል 5 መሆኑን ነግሮኝ «አምስተኛው ይሻላል፤ ዋጋውም ከፍ ያለው ለዚያ ነው» አለኝ።

መካኒኩ፦ የቁጥሩ መብለጥ የማዕርግ አይደለም፤ የሥራ ልዩነት ነው። ጂኤል 5 የተሰናዳው በዋነኛነት ለዲፈረንሻል ነው። በዲፈረንሻል ውስጥ ሁለቱ ጥርሶች ዝም ብለው አይነካከሱም፤ በብርቱ ጭነት ሥር አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይፋተጋል፤ ተራ ዘይት ከመካከላቸው ተገፍቶ ይወጣና ብረት ከብረት ይገናኛል። ይህን ለመከላከል ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ይጨመርበታል፤ ሲግል ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋሕዶ የሚከላከል ስስ ሽፋን ይሠራል። በጂኤል 5 ውስጥ ያለው ቅመም በጂኤል 4 ካለው በግምት እጥፍ ነው። ጣሳውን ሲከፍቱ የሚሸትዎት ድኙ ነው።

የኔታ፦ ታዲያ ለዲፈረንሻል የጠቀመ ለካምቢዮ ምን ይጎዳል?

መካኒኩ፦ ካምቢዮው ውስጥ ናስ አለና። ማርሽ ሲቀይሩ ሁለቱ ጥርሶች ሳይጋጩ እንዲገናኙ ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ሲንክሮ የሚባል የናስ ቀለበት አለ። ብዙ ድኝ ያለበት ዘይት ሲግል ይህን ናስ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ደግሞም ሲንክሮው የሚሠራው በመፋተግ ስለ ሆነ፣ ዘይቱ ከልክ በላይ ከለሰለሰ ቀለበቱ ያዳልጠዋል፣ ማርሹም ይጮኻል። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚያንጓጓው ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

የኔታ፦ የመኪናው መጽሐፍ ምን ይላል? መጽሐፍ ሳይጠቀስ ፍርድ አይቆምም።

መካኒኩ፦ ለካምቢዮው 75 ደብልዩ 90፣ «ጂኤል 4 ወይም ጂኤል 5» ይላል። ለዲፈረንሻል ግን ያለ ምርጫ ጂኤል 5፣ ውፍረቱም 90።

የኔታ፦ እንግዲህ መጽሐፉ «ወይም» ካለ፣ ለአንድምታ ቦታ ትቷል።

መካኒኩ፦ የእኔ አንድምታ እንዲህ ነው፦ መኪናው አዲስ በነበረ ጊዜ ሁለቱም ይበቁት ነበር፤ ሲንክሮው ሠላሳ ዓመት ካገለገለ በኋላ ግን ለናሱ የሚራራውን ጂኤል 4 እመርጥለታለሁ። ከገበያ ከጠፋ፣ ያለ ዘይት ወይም በአሮጌ ዘይት ከመሄድ፣ «ለናስና ለሲንክሮ ይስማማል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጂኤል 5 ይግባ፤ መጽሐፉም ይፈቅዳልና ኃጢአት የለበትም። ለአራቱም ጎማ ኃይል የሚያካፍለው ሁለተኛው ሳጥንም ከካምቢዮው ጋር አንድ ዓይነት ይሞላ።

የኔታ፦ ሹፌሩ ሌላ ብልሃት አለው፤ «ካምቢዮው ስለ ጮኸ 140 እናድርግበት፣ ይወፍርና ዝም ይላል» ይላል። ከሞተሩ የተረፈ ባለ 40 ዘይትም አለ።

መካኒኩ፦ 140ው ድምፁን ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አይነካውም። በሰከላ ንጋት ላይ ያን ወፍራም ዘይት ይዞ ሲነሣ ማርሹ አይገባም፣ ዘይቱም ወደ ኩሽኔታዎቹ በጊዜ አይደርስም። ስለ 40ው ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ የሞተር ዘይትና የካምቢዮ ዘይት የሚለኩት በሁለት ልዩ ልዩ መለኪያ ነው። የካምቢዮው 90 በውፍረቱ ከሞተሩ 40 ወይም 50 ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱ የውፍረት ሳይሆን የቅመም ነው። ለዲፈረንሻል ፈጽሞ አይገባም። የእርስዎን ካምቢዮ ደግሞ የጉባኤው ገንዘብ ሳያልቅ ለምን እንፈትነዋለን?

የኔታ፦ ጎረቤታችን ላንድሮቨር አለው፤ «ለኔም ጠይቅልኝ» ብሎኛል። ተመሳሳይ ልግዛለት?

መካኒኩ፦ ኧረ በፍጹም! የትኛው ላንድሮቨር እንደ ሆነ ሳይታወቅ አይሞላም። አሮጌው ሲሪስ 3 ከሆነ ካምቢዮው 90 ይጠጣል። ከ1983 የፈረንጅ ዓመት ጀምሮ በወጣው ዋን ቴን ላይ ያለው ባለ አምስት ማርሹ ኤል ቲ 77 ካምቢዮ ግን በእጅ የሚቀየር ሆኖ ሳለ የታዘዘለት ቀጭኑና ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ከኋላው የተገጠመው ሁለተኛ ሳጥን ደግሞ 90 ነው። በአንድ መኪና ሆድ ሥር፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ልዩ ዘይት! አንድ ሰው ይህን ሳያውቅ ሁለቱንም በ90 ሞልቶ ጠዋት ጠዋት በሁለት እጁ ማርሽ ሲታገል አይቼዋለሁ። ባለቤቱ ራሱ ይምጣና ቁጥሩን አብረን እንይ።

የኔታ፦ አሁን ስትፈታው እኔም ልይ።

መካኒኩ፦ ይምጡ፣ ዝቅ ይበሉ። መጀመሪያ የምፈታው ከላይ በጎን ያለውን የመሙያውን ብሎን ነው። ልምድ የሌለው ልጅ የማፍሰሻውን ፈትቶ ዘይቱን ሁሉ ካፈሰሰ በኋላ የመሙያው ዝጎ እምቢ ይለዋል፤ መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ ይቀራል። ... እሺ፣ ተፈታ። አሁን የታችኛውን። ዘይቱ ትንሽ ሞቅ ያለ መሆኑ ደግ ነው፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ጣትዎን ያግቡና ወደ ፀሐይ ያዙት።

የኔታ፦ ጥቁር ነው። በውስጡም እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ነገር አለ።

መካኒኩ፦ ያ ናሱ ነው፣ የሲንክሮው። ጥቂት ስለ ሆነ አያስደነግጥም፤ ብዙ ቢሆን ካምቢዮው ይወርድ ነበር። የዲፈረንሻሉን ደግሞ እንይ... ይህ የከፋ ነው። የወተት ቡና መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል። በዚህ ክረምት የት ነበር?

የኔታ፦ በሐምሌ ብር ወንዝን ተሻግሯል፤ ወደ ፈጣምም ወርዷል።

መካኒኩ፦ አክሰሉ ሲሮጥ ይግላል፤ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በማኅተሙ በኩል ውሃ ይስባል። ይህ እንዳይሆን አናቱ ላይ መተንፈሻ ተሠርቶለት ነበር፤ ይኸው በጭቃ ተደፍኗል። እጠርገዋለሁ፤ ቀጭን ላስቲክ ቀጥዬ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ አደርገዋለሁ። ከእንግዲህ ወንዝ በተሻገረ ቁጥር በማግሥቱ የዲፈረንሻሉ ብሎን ይፈታና ዘይቱ ይታይ፤ ከነጣ ኪሎ ሜትር ሳይቆጠር ይለወጥ። ካልሆነም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጥ የሚባለውን ለዚህ አገር መንገድ በግማሽ ይቀንሱት።

የኔታ፦ እንግዲህ እንዲህ ጻፍሁ፦ ክዳን 0.9፤ ሲሊኬት የሌለበት የጃፓን ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል፤ ለካምቢዮና ለሁለተኛው ሳጥን 75 ደብልዩ 90 ጂኤል 4፤ ለሁለቱ ዲፈረንሻል 90 ጂኤል 5። የት ልግዛ?

መካኒኩ፦ እንደ ኖክና ቶታል ካሉ ማደያዎች ይግዙ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ። የጣሳው ማኅተም ያልተነካ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ተቀድቶ እንደገና የተሞላ ጣሳ በገበያ አለና። የሞላንበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ደግሞ በወረቀት ጽፈው ከሊብሬው ጋር ያኑሩት፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ያዥ እንደ እርስዎ እንዳይቸገር።

የኔታ፦ የፈሰሰውን አሮጌ ዘይት ግን ስጠኝ። ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው እንቀባዋለን። አረንጓዴውንም ውሃ በዚያው በቦዩ ላፍስሰው?

መካኒኩ፦ ዘይቱን ይውሰዱ፤ ከጉድጓዱ ውሃ አርቀው፣ ከመሬት በታች ለሚቀበረው ጫፍ ብቻ ይቀቡት። ኩላንቱን ግን በቦይ አላስፈስስዎትም። ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ ውሻም ጥጃም ደስ ብሎት ይልሰዋል፣ ጥቂቱ ኩላሊቱን አጥፍቶ ይገድለዋል፣ ሕፃንም እንዲሁ። ይኸው በዚህ ቢጫ ጀሪካን እቀዳዋለሁ፤ እርስዎ ጽሕፈትዎ ያማረ ነውና በላዩ በትልቁ «መርዝ» ብለው ይጻፉልኝ፣ ክዳኑንም እኔ በሽቦ አስረዋለሁ።